ብርቱካን ለምን ከውሃ ሳህኗ አልወጣም አለች?

ጥያቄ፦

«አሁን የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ እስከ ሚያዝያ ድረስ ግን ደሴ ነበርን። እዚያ በተከራየንበት ግቢ ይኖር የነበረ የውጭ አገር መምህር አገሩ ሲገባ፣ በመስታወት ሳጥን የሚያሳድጋትን እባብ ለልጄ ሰጥቶት ሄደ። የበቆሎ እባብ ትባላለች፤ መርዝ የላትም፤ መልኳ ብርቱካናማ ስለሆነ ልጄ ብርቱካን ብሏታል። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ደርሶት ሲሄድ አደራው እኔ ላይ ወደቀ። እባብ ስፈራ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም ውሃዋን እቀይራለሁ፣ በአሥር ቀን አንዴ የሞተ አይጥ በረጅም መቆንጠጫ እሰጣታለሁ። አሁን አምስት ቀን ሆኗት ውሃ ሳህኗ ውስጥ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ ጭንቅላቷን ብቻ ጠርዙ ላይ ታሳርፋለች። ሌሊት ትንሽ ወጥታ ሲነጋ ተመልሳ ትገባለች። ጎረቤቴ ‹የሞት ምልክት ነው፤ ውሃውን አንሺባት፤ ሳጥኑንም የተባይ መድኃኒት ንፊበት› አሉኝ። ደሴ ሳለን እንዲህ ሆና አታውቅም፤ ሳጥኗም አምፖሎቿም ያው የድሮዎቹ ናቸው። ለልጄ እንዳልነግረው ፈተና ላይ ነው። ምን ላድርግ?»

አደራ ያለብኝ እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ሌላውን ሁሉ ከመናገሬ በፊት ሁለት ነገር ልለምንዎት። ውሃውን አያንሱባት። የተባይ ማጥፊያውንም ወደ ሳጥኑ አያስጠጉት። ጎረቤትዎ በቅን ልብ እንደመከሩዎት አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ለበረሮና ለትንኝ የሚነፋው መድኃኒት በተዘጋ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ለእባብም መርዝ ነው። ለከብት መዥገር የሚረጨው ዳያዚኖንማ ከዚያም የባሰ ነው፤ ትንሽ ጠብ ቢደረግበት ምን ይላል የሚባልለት ነገር አይደለም። ውሃው ደግሞ በአሁኑ ሰዓት ብርቱካን ያላት ብቸኛ መጠጊያ ሊሆን ይችላል። እሱን ብንነጥቃት ችግሩ ባለበት ይቀራል፤ የሚጠፋብን ምልክቱ ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ ተነስቼ አይደለም። ልጅ ሳለሁ ደሴ፣ እናቴ ከማድ ቤቱ ጀርባ አመድ የምትደፋበት ጉድጓድ ነበራት። ዶሮዎቻችን ረፋድ ላይ እዚያ ይገቡና ክንፋቸውን ዘርግተው አመዱን በላባቸው መሐል ይነሰንሱታል። ግቢውን የመጥረግ ተራ የእኔ ስለነበረ አመዱን በየቦታው መበተናቸው አናደደኝ፤ አንድ ቀን ጉድጓዱን በድንጋይ ደፈንሁት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዶሮዎቹ ራሳቸውን ሲያክኩ መዋል ጀመሩ፤ እንቁላልም ቀነሱ። እናቴ አንዷን ይዛ ላባዋን ገለጥ ስታደርግ ቅማሉ ይርመሰመሳል። «አመዱን ማን ደፈነው?» አለች፤ ሌላ ቃል አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ እንስሳ አንድ ነገር ደጋግሞ ሲያደርግ ባየሁ ቁጥር፣ ከማስቆሜ በፊት ምን እየሸሸ እንደሆነ እጠይቃለሁ።

ታዲያ ብርቱካን ምን እየሸሸች ነው? ከደብዳቤዎ ውስጥ ዓይኔን የያዘው «ሳጥኗም አምፖሎቿም ያው የድሮዎቹ ናቸው» ያሉት ነው። እርስዎ ምንም እንዳልተለወጠ ለመንገር ጽፈውታል፤ እኔ ግን ነገሩ ያለው እዚያው ላይ ይመስለኛል። ሳጥኑ ያው ነው፤ አገሩ ግን ሌላ ሆኗል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ግድም። በሐረጎ ቁልቁለት ስትወርዱ ጋቢዎን ከትከሻዎ ያወረዱበትን ቦታ ያስታውሱ ይሆናል። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት በ6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚለዋወጥ፣ በዚያች 25 ኪሎ ሜትር በማትበልጥ መንገድ ላይ የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት ተሻግራችኋል። በዚያ ላይ የመጣችሁት በሚያዝያ ነው፤ ግንቦትና ሰኔ ደግሞ የኮምቦልቻ ሙቀት የሚበረታባቸው ወራት ናቸው። ደሴ ቶሳ ተራራ ሥር ላለ ቀዝቃዛ ቤት ታስበው የተሰቀሉ ሁለት አምፖሎች ኮምቦልቻ ውስጥ ያንን የመስታወት ሳጥን ምጣድ ያደርጉታል።

እባብ እንደ እኛ አታልብም፤ የሰውነቷን ሙቀትም ከውስጧ አታመነጭም። ሲበርዳት ወደ ሞቀው ትጠጋለች፣ ሲሞቃት ወደ ቀዘቀዘው ትሸሻለች፤ ሌላ መላ የላትም። ስለዚህ ሳጥኗ ሁለት የተለያዩ ጫፎች ሊኖሩት ይገባል። ከአምፖሉ ሥር ያለው ከ29 እስከ 31 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢሆን ይስማማታል፤ ሌላው ጫፍ ከ23 እስከ 25። ሁለቱም ጫፎች አንድ ላይ ከጋሉባት የምትሸሽበት ቦታ አለቀ ማለት ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ቀዝቀዝ ያለ ነገር የሚቀረው ውሃው ብቻ ነው። የበቆሎ እባብ ድሮም ማታ ማታ መንቀሳቀስ የምትወድ ፍጥረት ብትሆንም፣ ሌሊት አየሩ በረድ ሲል ወጥታ፣ ሲነጋ ተመልሳ እንደምትገባ መጻፍዎ ግምቴን አጠናክሮልኛል።

ግምት ግን ግምት ነው፤ ይለኩት። ቤት ውስጥ ያለው የትኩሳት መለኪያ አያገለግልዎትም፤ አብዛኛው ከ35 ዲግሪ በታች አያነብምና። የክፍል ሙቀት የሚለካውን ይግዙ፤ በሽቦ የሚዘረጋ መለኪያ ጫፍ ያለው ዲጂታል ቢሆን ይመረጣል። የሚለካው መስታወቱ ላይ ተለጥፎ አይደለም፤ እሷ የምትተኛበት ወለል ላይ ተቀምጦ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ግድም፣ ቀኑ በሚግልበት ሰዓት፣ አንዱ ጫፍ ላይ ግማሽ ሰዓት ያቆዩትና ቁጥሩን ይጻፉ፤ ከዚያ ሌላው ጫፍ ላይ እንዲሁ ያድርጉ። ማታ ከመተኛትዎ በፊት ይድገሙት። ሞቃቱ ጫፍ ከ33 ካለፈ በዝቷል። 35 አልፎ ካገኙት ሁለቱንም አምፖሎች ወዲያው ያጥፉ፤ እንዲህ ያለ ሙቀት እባብን ሊገድላት ይችላል።

እስኪለኩ ድረስም ቢሆን ዛሬውኑ አንዱን አምፖል ያጥፉት፤ በተለይ ለውሃ ሳህኑ የሚቀርበውን። የቀረው አንዱን ጥግ ብቻ ያሙቅ፤ ሳህኑ ወደ ተቃራኒው ጥግ ይሂድ። ሳጥኑ የከሰዓት ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት አጠገብ ከሆነ ያንሱት፤ መስታወት ፀሐይ ሲመታው ከአምፖል ይብሳል። በረዶ አይጨምሩባት፣ በጣም ቀዝቃዛ ውሃም አያፍስሱባት፤ ድንገተኛ ቅዝቃዜ ሌላ በሽታ ይጠራል። በኋላ ገንዘቡ ሲኖርዎት፣ እንቁላል በማሽን የሚያስፈለፍሉ ሰዎች የሚጠቀሙበትን የሙቀት መቆጣጠሪያ አንድ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው እንዲገጥምልዎት ያድርጉ። ሙቀቱ ከተወሰነው ሲያልፍ አምፖሉን ራሱ ያጠፋዋል፣ ሲወርድ ያበራዋል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣም እርስዎ ሌሊት መነሳት አይኖርብዎትም።

ይህን ካደረጉ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ይስጧት። ምክንያቱ ሙቀቱ ብቻ ከነበረ ቀስ በቀስ ወጥታ ደረቁ ላይ መተኛት ትጀምራለች። እስከዚያው ግን ሌሎቹን ሁለት ምክንያቶችም ማየት አለብን፤ አንዱ ምንም የማያስጨንቅ፣ ሌላው በቶሎ ሊታይ የሚገባው ነው።

የማያስጨንቀው ቆዳ መቀየር ነው። ዓይኗን ይመልከቱ። እባብ የምትገልጠውና የምትከድነው የዓይን ቆብ የላትም፤ ዓይኗን የሚሸፍነው ጥርት ያለ ቅርፊት ነው፤ ቆዳዋን ስትቀይር እሱም አብሮ ይወልቃል። ቀኑ ሲቃረብ ዓይኗ ወተት ጠብ እንዳለበት ውሃ ይደፈርሳል፤ ወደ ሰማያዊነት ያደላል። ብርቱካናማው መልኳም አቧራ የጠጣ ይመስላል። ጥቂት ቀን እንዲህ ከቆየች በኋላ ዓይኗ ተመልሶ ይጠራል፤ ቆዳው የሚወልቀው ከዚያ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ነው። በዚህ ወቅት ውሃ ውስጥ ብትዘፈዘፍ፣ ምግብም እምቢ ብትል አይገርምም፤ አሮጌው ቆዳ እንዲለሰልስላት ነው። ሁለት አምፖሎች አየሩን ሲያደርቁት ደግሞ ወደ ውሃ መሄዷ ይብሳል፤ የሚስማማት የአየር እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ያህል ነውና። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ይውሰዱ፤ ጎኑን እሷን በሚያሳልፍ መጠን ይብሱት፤ ጠርዙን በእሳት አለስልሱት፤ ውስጡን እርጥብ፣ ግን ውሃ የማያንጠባጥብ ጨርቅ ያንጥፉለትና ሳጥኗ ውስጥ ያስቀምጡት። ጨርቁን በየሁለት ቀኑ ይቀይሩት። ቆዳዋ ተቆራርጦ ሲወልቅ ቢያዩ በእጅዎ ለመላጥ አይሞክሩ፤ በተለይ ዓይኗ ላይ ያለውን።

ሁለተኛው ተባይ ነው። ለዚህ የማሳይዎት መላ አንድ ነጭ ሳህን ብቻ ይፈልጋል። የብርቱካንን ውሃ ሲቀይሩ ዝም ብለው አይድፉት። ቀስ አድርገው ነጩ ሳህን ላይ ይገልብጡትና መስኮት አጠገብ ይዘውት ይቁሙ። ውሃው ሲረጋ ከታች የሚዘቅጠውን ይመልከቱ። ከጤፍ ፍሬ የማይበልጥ፣ ክብ፣ ጥቁር ነገር ካዩ በነጭ ሶፍት ላይ አንስተው ይጫኑት። አፈር ከሆነ ይፈረፈራል፤ ቀይ ወይም ዝገት የመሰለ እድፍ ከተወ ግን ደም የጠገበ ተባይ ነው። የመዥገር ዘመድ ነው፤ በእባቧ ቅርፊቶች መሐል ተሸጉጦ ደሟን ይመጥጣል። እባቧ ውሃ ውስጥ ስትገባ ብዙዎቹ ይሰጥማሉ፤ የተረፉት ውሃ ወዳልደረሰበት ወደ ጭንቅላቷ ይሸሻሉ። ስለዚህ በዓይኗ ዙሪያና በአገጯ ሥር ባለው ስንጥቅ በደንብ ይፈልጉ። ቅርፊቷ ላይ ነጭ ብናኝ መታየቱም የእነሱ ምልክት ነው።

ብርቱካን ከሌላ እባብ ጋር ስላልተገናኘች ይህ የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው። ሆኖም ቤት ስትቀይሩ ከደጅ ያመጣችሁላት እንጨት ወይም ከሌላ ሰው የተዋሳችሁት ዕቃ ካለ ነገሩ ይለወጣል። ተባይ ካገኙ ወለሉ ላይ የተነጠፈውን በሙሉ በከረጢት አስረው ይጣሉ፤ ሳጥኑን በፈላ ውሃና በሳሙና አጥበው፣ አድርቀውና አቀዝቅዘው ለጊዜው ነጭ ወረቀት ብቻ ያንጥፉበት። መስታወቱ እንዳይሰነጠቅ ውሃውን ከለብታ ጀምረው ቀስ በቀስ ያሙቁት። ከዚያ ጥቂቱን ተባይ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ከአልኮል ጋር ይክተቱና ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂዱ። ኮምቦልቻ ራሷ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ያላት ከተማ ናት፤ ደሴ ደግሞ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል። የሚያገኙት ባለሙያ ዘወትር የሚያክመው በግና በሬ ቢሆንም ተባዩን በማይክሮስኮፕ መለየት ይችላል። ለከብት የሚወጋው አይቨርሜክቲን በሐኪም እጅ ተመጥኖ ለእባብም ይሰጣል፤ ለበሬ የተዘጋጀውን ግን በግምት ለአንድ ሜትር እባብ መስጠት መግደል ነው። እባክዎ በራስዎ አይሞክሩት።

የቀሩትን ምክንያቶች በአጭሩ ልንካቸው። መደበቂያ አላት? በጉዞው ተሰብሮ ወይም ጠፍቶ ከሆነ፣ ከአራቱም በኩል መስታወት ሲሆንባት ሳህኑን እንደ ጎሬ ልትይዘው ትችላለች። አፉ ተደፍቶ አንድ ጎኑ የተሸረፈ የአበባ ማሰሮ ወይም የእንስራ ገል ይበቃታል፤ ግን ሁለት ያድርጉላት፤ አንዱን በሞቃቱ፣ አንዱን በቀዝቃዛው ጫፍ። የሆድ ድርቀትም ውሃ ውስጥ ያስገባል፤ ከወገቧ በታች ጠንካራ እብጠት ካለና ለሳምንታት ካልጸዳዳች ይህን ይጠርጥሩ። ሴት ከሆነች ደግሞ ወንድ ሳያገኛትም ቢሆን የማይፈለፈል እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ ያ ሲቃረብም እርጥብ ቦታ ትፈልጋለች። የሠራንላት የፕላስቲክ ዕቃ ለዚህም ያገለግላታል።

ውሃው ግን ንጹሕ ይሁን። ብዙ ጊዜ እዚያው ትጸዳዳለች፤ በቆሸሸ ውሃ ውስጥ ቀናት ከቆየች የሆዷ ቅርፊት ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል። በየቀኑ ይቀይሩት፤ ያቆሸሸችው እንደሆነ ወዲያውኑ። ሳህኑን ከቤተሰቡ ዕቃ ጋር በአንድ ገንዳ አይጠቡት፤ እጅዎንም በሳሙና ይታጠቡ። እንደ እሷ ያሉ እንስሳት ጤነኛ ሆነውም ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ይሸከማሉ። ስለ ምግቧም አንድ ነገር ልጨምር፤ የሚሰጧት አይጥ ከየት እንደመጣ ይወቁ። በአይጥ መርዝ የሞተ አይጥ እሷንም ይገድላታል።

አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ፣ ከአፍንጫዋ አረፋ ወይም ፉጨት ካለ፣ ሲነኳት እንደ ገመድ የምትዝል ከሆነ፣ ሆዷ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ካዩ፣ ወይም ሙቀቱ ተስተካክሎ ሳምንት ሙሉ ከውሃው ካልወጣች፣ ያን ጊዜ ሐኪም ቤት ነው፤ በቤት ውስጥ መላ አይጠብቁ።

አሁን ስለ ፍርሃትዎ። ከሚፈሩት ነገር ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አድሮ፣ ጠዋት ተነስቶ ውሃውን መቀየር ቀላል አይደለም፤ ልጅዎን ምን ያህል እንደሚወዱት ደብዳቤዎ ይናገራል። ስለዚህ ስለ እሷ ትንሽ ልንገርዎት። አገሯ የአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ ከኒው ጀርሲ እስከ ፍሎሪዳ ባለው ምድር ትገኛለች። የስዊድኑ የተፈጥሮ ሊቅ ካርል ሊኔየስ ሳይንሳዊ ስም የሰጣት በ1766 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የበቆሎ እባብ የመባሏን ነገር አንዳንዶች በበቆሎ ጎተራ ሥር አይጥ ስለምታድን ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የሆዷ ጥቁርና ነጭ ጥልፍ እንደ ዥንጉርጉር የበቆሎ ፍሬ ስለሆነ ነው ይላሉ። መስታወቱ ላይ ስትወጣ ከታች አይተው የትኛው እንደሚመስል ይፍረዱ። መርዝ የላትም፤ የምታድነውን ተጠምጥማ ነው የምትይዘው፤ ከሰው ጋር ግን ጠብ የላትም። በደንብ ከተያዘች እስከ 20 ዓመት ልትኖር ትችላለች፤ ልጅዎ ተመርቆ፣ ሥራ ይዞ፣ ትዳር መሥርቶም አብራው ልትኖር ነው።

ይህ ግን የእሷ ጠባይ ብቻ ነው። በወሎ ቆላ እንደ እፉኝት ያሉ መርዘኞች አሉ፤ የሰፈሩ ልጆች ብርቱካንን አይተው እባብ ሁሉ እንዲህ ነው ብለው እንዳያስቡ ይንገሯቸው። የሳጥኑንም ክዳን ሁልጊዜ በማያያዣ ይዝጉት። የበቆሎ እባብ በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ በማምለጥ የታወቀች ናት፤ የማያውቃት ጎረቤት ግቢው ውስጥ ቢያገኛት ዱላ ነው የሚያነሳው። ቢሰለቹም ወደ ቦርከና ወንዝ ዳር ወስደው አይልቀቋት፤ አገሯ አይደለም፣ ለእሷም ለአካባቢውም አይበጅም።

ለልጅዎ ይንገሩት ወይስ አይንገሩት ላሉት፣ እኔ ይንገሩት እላለሁ፤ ነገር ግን ከለኩ በኋላ። «ብርቱካን ታማለች» ብለው ቢደውሉለት ፈተናው ላይ ሐሳቡ ይከፈላል። «ሞቃቱ ጫፍ ይህን ያህል ነበረ፣ አንዱን አምፖል አጥፍቼ ይህን ያህል አደረስኩት» ቢሉት ግን ልቡ ያርፋል። በዚያውም ለመጨረሻ ጊዜ ቆዳ የቀየረችው መቼ እንደሆነ ይጠይቁት፤ ቀኑን የሚያውቀው እሱ ነው።

ነገሩ የቆዳ መቀየር ሆኖ አንድ ጠዋት ሳጥኑ ውስጥ እንደ ስስ ሻሽ ተገልብጦ የተጣለ ቆዳ ካገኙ አይጣሉት። ከራሱ በኩል ገለጥ አድርገው ሁለት ጥርት ያሉ ክብ ቅርፊቶች፣ የሰዓት መስታወት የመሰሉ፣ መኖራቸውን ይመልከቱ፤ የዓይኖቿ ናቸው። ሁለቱም ካሉ በሚገባ ወልቋል። ገና እርጥብ ስለሆነ ጋዜጣ ላይ ዘርግተው ያድርቁት፤ ከዚያ ጠቅልለው ከአይጥና ከነፋስ ራቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡለት። ለእረፍት ሲመጣ ርዝመቱን በሜትር ይለካዋል።